ቀለሙን ከመብራቱ እንጂ ከማውሱ አንጠብቅ

የፎቶግራፍ ኮርስ የጀመርን ሰሞን ክፍላችን ውስጥ አንድ አባባል ተለመደ፤ «ዝም ብለህ አንሳው፣ በኋላ ይስተካከላል።» ብርሃኑ ቢያንስ በኋላ ይስተካከላል፤ ቀለሙ ቢደበዝዝ በኋላ ይስተካከላል። ይህ «በኋላ» የሚባለው ፎቶሾፕ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እንደኔ እንደኔ ግን የጋዜጠኝነት ተማሪ በመብራት ቀለም መፍጠር ሳይችል በኮምፒውተር መፍጠር ከለመደ ነገሩ አላማረም። ለዚህ ማስረጃ የምጠራው ትልቅ ነገር አይደለም። በርበሬ ነው።

የምዕራብ ጎጃም ልጅ ይህን ያውቀዋል። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ የሚገባ ሰው፣ ወቅቱ ከሆነ፣ በየግቢው ተሰጥቶ የሚደርቅ በርበሬ ያያል። ገዢ በርበሬን መጀመሪያ የሚመዝነው በዓይኑ ነው። ጠቆር ብሎ የቀላ ዛላ አንድ ዋጋ አለው፤ እርጥበት ነክቶት ነጣ ያለው ሌላ ዋጋ አለው። ቀለሙ ጌጥ አይደለም፣ ብር ነው። ቡሬ ያሉት አክስቴ በርበሬ ይነግዳሉ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላለ ገዢ ፎቶ መላክ ነበረባቸውና የጎረቤት ልጅ በስልኩ አንስቶ፣ «ላሳምርልዎት» ብሎ፣ ቀለሙን ከፍ አድርጎ ላከላቸው። ሰውዬው መጥቶ ጆንያውን ሲከፍት ፎቶውን ከስልኩ አውጥቶ ከበርበሬው ጎን አስቀመጠ። በርበሬው መጥፎ አልነበረም፤ ከፎቶው ግን አነሰ። ዋጋው በዚያው ወረደ። አክስቴ እስካሁን «ስልኩ አቀላው እንጂ እኔ መች አቀላሁት!» ይላሉ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ስቲል ላይፍ የሚባለው ሥራ የሚጠቅመን። የማይንቀሳቀሱ ዕቃዎችን ጠረጴዛ ላይ አቀናጅቶ፣ መብራቱን ራስ አዝዞ ማንሳት ማለት ነው። ዕቃው አይሸሽም፣ አያፍርም፣ «ጨርስ እንጂ» አይልም። ብርሃን ምን እንደሚሠራ ለመማር ከዚህ የተሻለ መምህር የለም (መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝ)።

ባለፈው ዕረፍት ፍኖተ ሰላም ቤታችን ውስጥ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አደረግኳት። ስቱዲዮ ስል እንዳትስቁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ፣ ጠረጴዛው ላይ የእናቴን ነጭ ነጠላ አነጠፍኩ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አዘጋጀሁ፣ ለስጦታ መጠቅለያ ከሚሸጠው ባለቀለም ላስቲክ ቀይና አረንጓዴ ገዛሁ። ስልኬን የምታቆምልኝ ጤፍ የያዘች ከረጢት ነበረች። ከዚያ ጀበና፣ ደረቅ የበርበሬ ዛላና እሸት ቃሪያ ደረደርኩ።

ቀዩን መብራት ብቻ ሳበራ ቃሪያዋ ጥቁር ሆነች። ቃሪያ በዋናነት የምትመልሰው አረንጓዴውን ብርሃን ነው፤ አረንጓዴ ካልደረሳት የምትመልሰው የላትም። ዛላው ደግሞ ፍም መሰለ። ቀዩን ከግራ፣ አረንጓዴውን ከቀኝ ሳደርግ ሁለቱም የደረሱበት ነጠላ ወደ ቢጫ ሄደ። ቢጫ ላስቲክ እኮ አልነበረኝም! ጀበናው ቀዩን መብራት የከለለበት ጥላ አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን የከለለበት ጥላ ቀይ ሆነ። ጥላ ጥቁር ነው ያለን ማን ነው? አንዱን ባትሪ ራቅ ሳደርገው የእሱ ቀለም ይከሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናልና። ይህን በፊዚክስ ክፍል ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ስልካችሁን «አውቶ» ላይ ከተዋችሁት ልፋታችሁን ያበላሸዋል። ቀዩን መብራት እንደ ስህተት ቆጥሮ ነጭ ሊያደርገው ይታገላል። «ፕሮ» የሚለው ውስጥ ገብቶ ዋይት ባላንሱን ቀን ብርሃን ላይ፣ ማለትም ወደ 5500 ኬልቪን፣ ማሰር ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የመጀመሪያው ባለቀለም ፎቶግራፍ የሚባለው ራሱ ስቲል ላይፍ ነው። በ1861 (እ.ኤ.አ.) ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ ሳይንቲስት አንድ ባለቀለም ሪባን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ በኩል ሦስት ጊዜ አስነሳ። ሦስቱን ጥቁርና ነጭ ምስሎች በእነዚያው ቀለሞች መብራት አንዱን በሌላው ላይ ለንደን ውስጥ ሲያሳይ ሪባኑ ከነቀለሙ ግድግዳው ላይ ታየ። ኮምፒውተር የለ፣ ማውስ የለ።

ከአገራችን ሰው ካስፈለገ አይዳ ሙሉነህ አለች። ዋሽንግተን ፖስት ውስጥ በፎቶ ጋዜጠኝነት የሠራች፣ በ2007 ባማኮ ላይ የተሸለመች፣ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እርግጥ የምታነሳው በአብዛኛው ሰው ነው፤ ዋና መሣሪያዋም ባለቀለም መብራት ሳይሆን ፊትና ገላ ላይ የሚቀባ ቀለም እና ልብስ ነው። በ2018 ዳሎል ላይ ያነሳቻቸውን የውሃ ፎቶዎች ያየ ሰው ያ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ከኮምፒውተር የመጣ ሊመስለው ይችላል። ቀዩ ግን ካሜራው ፊት የቆመ ቀይ ነው። እኔን የያዘኝ ይኸው ነው።

አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ የነጣውን በርበሬ በቀይ መብራት ማቅላትስ ውሸት አይደለም?» ብሎ ያዘኝ። ነው እንጂ! ግን የመብራት ውሸት ዱካ ይተዋል። ቀይ መብራት ዛላውን ብቻ መርጦ አያቀላም፤ ሳህኑንም፣ ነጠላውንም፣ የጀበናውን ጆሮም ያቀላል። ያየ ሰው «ይሄ መብራት ነው» ብሎ ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግን ዛላውን ብቻ ያቀላና ሳህኑን ነጭ አድርጎ ይተወዋል፤ የአክስቴ ገዢ በምን ይወቀው?

ለዜና ፎቶ ሁለቱም አይሆኑም፤ ገበያ መሀል ቀይ ባትሪ ይዤ ልቁም አላልኩም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶ ያህሉን የጣለው በኤዲት ምክንያት ነበር። እነዚያ ጀማሪዎች አልነበሩም። ስልካችን ራሱ ሳንጠይቀው ኤዲት እንደሚያደርግም አውቃለሁ፤ ፎቶሾፕ ይቃጠልም አላልኩም። ቀለም ከየት እንደሚመጣ በእጁ ያወቀ ተማሪ ግን ማውሱን ሲይዝ የቱን እንደነካ ያውቃል፤ ኤዲተሩ ሲጠይቀውም መልስ አለው።

የዘንድሮው የተግባር ክፍለ ጊዜያችን ሙሉ በሙሉ ኮምፒውተር ላብ ነው ያለፈው። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ብቻ ለመብራት ይሰጠን ነው የምለው። በጀት አያስፈልገውም። ዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለችው መስኮት አልባ ክፍል ባዶዋን ነው የተቀመጠችው። ላስቲኩ እኔ ጋ አለ፤ አሁን ሰማያዊም ጨምሬያለሁ። ከቡሬ የመጣ ዛላም አለ፣ የቀላውም የነጣውም። የጎደለው የክፍሏ ቁልፍ ነው።