ያየ ለማን ይንገር?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ በደጀን በኩል የሚወጣው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ሲደርስ ከሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል፣ ሁለተኛው ቆላውን ወርዶና ዓባይን ዳግመኛ ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይዘልቃል። እንዲህ ባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በቆሎና በርበሬ ብቻ አይጫንባትም፤ ሰውም ይጫንባታል። በጎንደር አድርጎ ወደ መተማ፣ ከመተማም ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ የሚወስደው የስደት ጎዳና ለምዕራብ ጎጃም የገጠር ወጣት የሚጀምረው ጠረፍ ላይ ሳይሆን እዚሁ፣ በገበያ ቀን፣ ከአንድ ደላላ ጋር ሻይ ቤት በተቀመጠባት ሰዓት ነው። ደላላውም አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሰው ነው፤ ስንት እንደሚቀበል፣ ማንን እንደላከ፣ ከተላኩትም መካከል የማን ልጅ ድምፁ እንደ ጠፋ ቀበሌው ሁሉ ያውቃል፤ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ገብቶ የሚናገር ግን አይገኝም።

የአገሮችን የፖሊስ ሥርዓት የሚያነጻጽሩ ጸሐፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከአወቃቀሩ ነው። የፈረንሳይን ገጠር የሚጠብቀው ዣንዳርሜሪ ወታደራዊ ሥርዓት ያለው፣ ትእዛዙም ከፓሪስ የሚወርድ ኃይል ነው፤ እንግሊዝና ዌልስ በአንጻሩ በ43 የየአካባቢው ፖሊስ ተከፋፍለው ሲኖሩ፣ የተደራጀውን ወንጀል የሚከታተለውን የዛሬውን ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት ገና እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አሜሪካ ወደ 18,000 የሚጠጉ ልዩ ልዩ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ሲኖሯት፣ ናይጄሪያ በሕገ መንግሥቷ ለመላው አገር አንድ ፖሊስ ብቻ ፈቅዳለች፤ የእኛም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ፖሊስን ለማእከሉ፣ የክልል ፖሊስን ለክልሎች ከፍሎ ሰጥቷል። ከዚህ በኋላ ማእከላዊው ይሻላል ወይስ የተከፋፈለው የሚለው ክርክር ይጀመራል፤ ክርክሩም ማለቂያ የለውም። ነገር ግን በፈረንሳይ በካሌ ጠረፍ ስደተኛን በጎማ ጀልባ እየጫኑ ባሕር የሚያሻግሩት ወንበዴዎች በአንዱ ዳርቻ ማእከላዊውን የፈረንሳይ ሥርዓት፣ በሌላው ዳርቻ የተከፋፈለውን የእንግሊዝ ሥርዓት እያለፉ ዓመታት መቆየታቸውን ላስተዋለ ሰው፣ የመዋቅሩ ቅርጽ ብቻውን ነገሩን እንደማይፈታው ግልጽ ነው።

የማነጻጸሪያው ሚዛን ሌላ መሆን ይገባዋል እላለሁ። ወንጀሉን ያየ ሰው ለማን ይናገራል? ከተናገረስ በኋላ ቃሉ እስከ የት ይዘልቃል፣ ተናጋሪውስ ምን ይደርስበታል?

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው፤ ፍጹም መልስ ነበር ግን አልልም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት፣ ቤት ተቃጥሎ፣ ከብት ተነድቶ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ፣ የአጥቢያው ሰው በሹሙ ጥሪ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውም ያየውንና የሰማውን ሳይደብቅ እንዲያወጣ ይምላል። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በስውር ያወራቸዋል፤ እነርሱም የነጋሪውን ስም ሳይጠሩ ወፍ ነገረን ብለው ነገሩን ለጉባኤው ያቀርባሉ። ነገሩ ካልወጣ ጉባኤው ዳግመኛ ይጠራል፤ ገበሬው ሞፈሩን አስቀምጦ፣ ስንቁን ይዞ ይመላለሳል፤ በመጨረሻም ወንጀለኛው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት አጥቢያው አዋጥቶ ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ስንቱ በወፍ ስም ቂሙን እንደ ተወጣ፣ ስንቱስ ንጹሕ ሰው ያላደረገውን እንደ ከፈለ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ወንጀል የግል፣ ቅጣትም የግል ነው ከሚለው ከዛሬው የፍትሕ ሐሳብ ጋርም አይታረቅም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን አሟልቶ ነበር፤ ለተናጋሪው መጠለያ ሰጥቶታል፣ ዝም ያለውንም ዋጋ ያስከፍለዋል።

ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ወደ እንግሊዝ ታሪክ ይመልከት። ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1285 በዊንቸስተር ባወጣው ሕግ ዘረፋ የተፈጸመበት ወረዳ ወንበዴዎቹን ይዞ ካላቀረበ ጉዳቱን ራሱ እንዲክስ ታዝዞ ነበር። ሎንዶን ደመወዝተኛና ደንብ ለባሽ ፖሊስ በሮበርት ፒል አማካይነት ያገኘችው ከዚያ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። እነርሱ ከአጥቢያው ኃላፊነት ወደ ደመወዝተኛው ፖሊስ በዝግታ ሲሻገሩ፣ እኛ በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ፣ በእንግሊዝ መኮንኖች ረዳትነት፣ በአንድ ጊዜ ዘለልነው፤ ባላገሩም ፖሊስን ያወቀው በአብዛኛው ሌባ ሲያዝለት ሳይሆን ግብር ሲጠየቅና መጥሪያ ሲደርሰው ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በሞጣና በቢቸና በኩል በተነሣ ጊዜ ሊያስታግሠው ከተላኩት መካከል ፖሊስ ይገኝበታል፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ሁከቱም በረደ፤ በባላገሩ ልብ የቀረው ትዝታ ግን በሹም ሽር የሚለወጥ አልነበረም።

ከሩቅ አገር ምሳሌ መውሰድ ካስፈለገ እኔ የምመርጠው የጃፓንን ገጠር ነው። በከተማው ኮባን የሚባሉ ትንንሽ የፖሊስ ኬላዎች በየመንገዱ ማእዘን ሲገኙ፣ በገጠሩ ቹዛይሾ የሚባል ቤት አለ፤ ፊት ለፊቱ ጽሕፈት ቤት፣ ጓዳው መኖሪያ ነው። ፖሊሱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ይኖራል፣ በየቤቱ እየዞረ ነዋሪውን ይተዋወቃል፤ እርሱ በሌለበት ሰዓት የመጣውን ሰው ሚስቱ ተቀብላ ታነጋግራለች። አንድ የመንደር ሰው የሰማውን ለመንገር የሚሄደው እንግዲህ ወደ ጎረቤቱ ቤት ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ለአውራጃው ፖሊስ፣ አውራጃውም በቶኪዮ ላለው ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ቃሉን የሚያደርስበት ቀና መስመር አለው። (የጃፓን ፖሊስ ተጠርጣሪን ለረጅም ቀናት ይዞ በማናዘዝ እንደሚወቀስ አልዘነጋሁም፤ የምመኘው የደጁን አቀባበል እንጂ የእስር ቤቱን ልማድ አይደለም።) ኬንያ ከታንዛኒያ የወሰደችው፣ ዐሥሩን ቤት በአንድ የሚያያይዘው ኒዩምባ ኩሚ የተባለው አሠራርም ለዚሁ ዓላማ የታሰበ ነበር። እኛም አንድ ለአምስት ብለን ሞክረነዋል፤ ነገር ግን ያው አደረጃጀት የልማት መቀስቀሻም፣ የመዋጮ መሰብሰቢያም፣ የፓርቲ ጆሮም እንዲሆን ስለ ተደረገ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይበልጥ ተደበቀ እንጂ ደላላውን አላጋለጠም።

ቃል ከአንድ ምስኪን ሰው አፍ ወጥቶ ድንበር ሲሻገር ምን ያህል ኃይል እንደሚኖረው፣ በመንገድም ላይ ሲወድቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ ከኪዳነ ዘካሪያስ ሀብተማርያም ጉዳይ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። ይህ ኤርትራዊ በሊቢያ በበኒ ወሊድ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች እየታገቱ፣ እየተገረፉና ቤተ ሰቦቻቸው ገንዘብ እየተጠየቁ የሚያዙበትን ጉረኖ በመምራት በብዙ አገሮች ሲፈለግ የቆየ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያስያዘው የሳተላይት መሣሪያ ወይም የስለላ ድርጅት አልነበረም፤ በእርሱ እጅ መከራ የቀመሰ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አይቶ አወቀው፣ ሄዶም ለፖሊስ ነገረ። ፖሊሱ ነገሩን ሳያጣጥል ቃሉን ተቀብሎ ሰውየውን መያዙ ሊመሰገን ይገባል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ግን ተከሳሹ ለችሎት ከቀረበበት ከፍርድ ቤት አምልጦ ጠፋ፤ ፍርድ ቤቱም በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.፣ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ፖሊስ መሪነትና በኢንተርፖል አስተባባሪነት ሱዳን ውስጥ ተያዘ። በእጃችን የገባውን ሰው አንድ በር ባለ መጠበቁ ምክንያት ዓለም በሙሉ ዳግመኛ ሲፈልገው ኖረ ማለት ነው።

ስለ ኢንተርፖልም በሕዝቡ ዘንድ ያለው ግምት ከእውነቱ የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በቪየና የተመሠረተው፣ ዛሬ መቀመጫው በፈረንሳይ ሊዮን የሆነውና 196 አባል አገሮች ያሉት ይህ ድርጅት ሰው የሚይዝበት የራሱ ጦር የለውም፤ የአንዱን አገር ፖሊስ ቃል ለሌላው አገር ፖሊስ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ከቡሬ ያልወጣ ቃል ሊዮን አይደርስም። አገራችን ድንበር ተሻጋሪ የተደራጀ ወንጀልን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2000 በፓሌርሞ የተፈረመውን ስምምነት ተቀብላለች፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን በሊቢያ በአይሲስ እጅ በታረዱበት ዓመት የሰው ዝውውርን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 909ን፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ እርሱን የተካውን አዋጅ ቁጥር 1178ን አውጥታለች፤ ከዚህም ቀደም ብሎ በ2003 ዓ.ም. የምስክሮችና የጠቋሚዎች መጠበቂያ አዋጅ ወጥቷል። ሕግ አላነሰንም።

የጎደለውን ለማየት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መቆም ይበቃል። አንዲት እናት ነጠላዋን መሬት ላይ ዘርግታ፣ በላዩ የልጇን ጉርድ ፎቶግራፍ አኑራ ትቀመጣለች፤ የሰበካው ሰው አንዱ ሃያ፣ አንዱ ሃምሳ ብር እየጣለ ያልፋል። በሬው ተሽጧል፣ ዕድሩም አዋጥቷል፣ ገና ግን አልሞላም። በጉያዋ በያዘችው ስልክ ውስጥ ልጇ እየተገረፈ የሚለምንበት ድምፅ አለ፤ ከዚያው ድምፅ በኋላ የተላከላት የባንክ ሒሳብ ቁጥርም አለ። ብዙ ጊዜ ይህ ሒሳብ በትሪፖሊ ወይም በካርቱም የተከፈተ አይደለም፤ እዚሁ በአገራችን ባንክ፣ በአንድ ባለ መታወቂያ ሰው ስም የተከፈተ ነው። ይህች ሴት የድንበር ተሻጋሪውን ወንጀል ጫፍ በእጇ ይዛለች፤ ለፖሊስ የማትናገረውም ስለማታውቅ አይደለም። አጋቾቹ ቢሰሙ ልጄን ይገድሉብኛል ትላለች፤ ደላላው የባሏ ዘመድ ወይም የልጇ የክርስትና አባት ይሆናል፤ ልጅሽን ለምን በሕገ ወጥ መንገድ ላክሽ ተብላ እርሷው እንዳትጠየቅም ትፈራለች።

በዚህ ላይ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ተጨመረ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በዚሁ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ የምዕራብ ጎጃም ገጠር ፖሊስ እንደ ተፋላሚ ወገን እየተቆጠረ ከብዙ ቀበሌ ወጥቷል፤ በወጣበትም ቦታ እገታ ገብቷል። በበኒ ወሊድ የተለመደው ዘዴ፣ ማለትም ሰው መያዝ፣ ስልክ መደወል፣ ድምፅ ማሰማት፣ የሒሳብ ቁጥር መላክ፣ ከሰሃራ ተመልሶ ወደ መንደራችን መጥቷል፤ ዛሬ ነጋዴውም፣ ሾፌሩም፣ ተማሪውም ይታገታል። ጦርነቱ ካልቆመ የጃፓኑን ቹዛይሾ በቡሬ ገጠር ማሰብ ሕልም ነው፤ ይህን ሳልል ብቀር አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል።

ሰላሙ እስኪወርድ ድረስ ግን ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ በባንክ ያልፋል። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ፣ በ2005 ዓ.ም. ከወጣው ከአዋጅ ቁጥር 780 ጀምሮ፣ ባንኮች አጠራጣሪ ዝውውርን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ይህንኑ መረጃ የሚቀበል የፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎትም ተቋቁሟል። ስለዚህ በየቅርንጫፉ ሰው የሚከፍልበትን የሒሳብ ቁጥር፣ የደወለለትን የስልክ ቁጥርና ቀኑን ብቻ የሚያስመዘግብበት፣ የተናጋሪውን ስም የማይጠይቅ፣ ገንዘቡን በመክፈሉም የማያስከስሰው አንድ መስኮት ይከፈት። ሰው ጠላቱን ያጠቃበታል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ በአውጫጭኙ ወፍ ላይም የነበረው ነቀፋ ይኸው ነው። ነገር ግን የወፉን ቃል የሚመረምር መዝገብ አልነበረም፤ የሒሳቡን ቁጥር ግን የባንኩ መዝገብ ራሱ ይመሰክርለታል ወይም ያስተባብለዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከሞጣ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ እናቶች ወደ አንድ ሒሳብ ገንዘብ ሲያስገቡ መረጃው በአንድ ባንክ ቋት ውስጥ ይገኛል፤ ባለ ሒሳቡም በመታወቂያው ይታወቃል። ገንዘቡ በተመነዘረ ማግስት ሳይሆን ገና ባልወጣበት ሰዓት ሒሳቡን የሚያግድ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት በስንት ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል የፍትሕ ሚኒስቴርና ብሔራዊ ባንክ ተቀምጠው ይወስኑ።