ጆሮ የተረሳበት ክታብ

የጣረ ሞት ተረት ሲነሣ የሚስቅ ተማሪ በየክፍሉ አይታጣም። እኔም ራሴ ኮሌጅ ሳለሁ ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ግን ማራኪ ባለው ቤቴ ከሦስት ተማሪዎቼ ጋር አንድ የጃፓን ፊልም ካየሁ ወዲህ ሳቄን መመርመር ጀምሬአለሁ።

ፊልሙ «ክዋይዳን» ይባላል፤ የአስፈሪ ነገር ተረት እንደ ማለት ነው። አዘጋጁ ማሳኪ ኮባያሺ በ1957 ዓ.ም. አውጥቶት በዚያው ዓመት በካን የፊልም ውድድር የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቶበታል። በውስጡ አራት ታሪኮች አሉ።

ከአራቱ የሚበልጠው የሆይቺ ነው። ሆይቺ በአንድ የቡድሃ ገዳም የተጠጋ ዐይነ ስውር ሲሆን፣ እንደ እኛ አዝማሪ አውታር እየመታ የጥንቱን ጦርነት በዜማ ይተርካል። በባሕር ላይ ያለቁት የመኳንንት መናፍስትም ሌሊት ሌሊት እየጠሩ ያዜሙታል። መነኮሳቱ ሊያድኑት ብለው ሰውነቱን ሁሉ በጸሎት ጽሑፍ ሸፈኑት፤ ጆሮዎቹን ግን ረሱ። መንፈሱም መጥቶ የታዩትን ሁለት ጆሮዎች ገንጥሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ሲስቅ ያመሸው ተማሪ ዝም አለ። ቆይቶም «መምህር፣ የአያቴ ክታብ በቁመቷ ልክ የተለካው ለዚህ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ነው። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚያደርገው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ነው።

የፊልሙ ብርታት በደምና በጩኸት አለማስፈራራቱ ነው። የሙዚቃው ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ ዝምታን እንደ ዜማ ይጠቀምበታል። ሰማዩ እንኳ በእጅ የተሳለ ነው፤ በበረዶዪቱ ሴት ታሪክ ከላይ ሆነው የሚመለከቱ ዐይኖች አሉበት።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሥዕሉ እጅግ ከማማሩ የተነሣ ተመልካቹ መፍራቱን ትቶ ማድነቅ ይጀምራል። በመጀመሪያው ታሪክ ድኻ ሚስቱን ጥሎ ሹመት ፍለጋ የሄደው ወታደር ቅጣቱ እንደማይቀርለት ገና ከመነሻው እናውቃለን፤ ቅጣቱ እስኪደርስ ግን ብዙ ያስጠብቀናል። የመጨረሻው ታሪክ ሆን ተብሎ ሳይፈጸም ይቀራል፤ አንዱ ተማሪዬማ ያን ጊዜ እንቅልፍ ወስዶታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እነዚህን ተረቶች ሰብስቦ ለውጭ አገር አንባቢ ያሰማው በግሪክ አገር የተወለደው ላፍካዲዮ ኸርን ነበር። ጃፓኖች ግን ቆይተው ተረታቸውን በራሳቸው ካሜራ መልሰው ያዙት። ወደ እኛም በ1924 ዓ.ም. ክረምት ማርሴል ግሪዮልና ጓደኞቹ ከፈረንሳይ ጎንደር ድረስ መጥተው የዛሩን ነገር ጠይቀው ጻፉ፤ ክታብና የብራና መጻሕፍትም ሰብስበው ወደ ፓሪስ ወሰዱ። እኛስ የራሳችንን መቼ እንይዛለን?

ተረቱን ሁሉ እንመን ማለቴ አይደለም፤ ማመን ሌላ፣ መጻፍ ሌላ ነው። እንግዲህ ተማሪዎችም ሆናችሁ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁ እሳት ዳር የሚነግሯችሁን በደብተር አስፍሩ። ሆይቺን የጎዳው የተጻፈበት አልነበረም፤ ሳይጻፍበት የቀረው ነው።