«ብርድ ነው» የተባለው ክንድ



በዚህ ወር ዓምዳችን ከምግብ ይልቅ ስለ አንድ ሕመም እናወጋለን። ከወረታ ዳገቱን ወጥታችሁ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በጉና ሥር አልፋችሁ እስከ ነፋስ መውጫ ብትጓዙ በገበያም ሆነ በመስጂድ አንድ ክንዱ ከሌላው ያጠረ፣ ክርኑ በደንብ የማይዘረጋ፣ እጁን ከትከሻው በላይ ማንሳት የሚያቅተው ሰው ልታገኙ ትችላላችሁ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ከተወለደ ጀምሮ ነው» ይባልና ወሬው እዚያው ይቋጫል። የክንዱ ማጠር ለሁሉም ይታያል፤ ሕመሙን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቀው የለም። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ ታላቅ እህቴ ናት።

እታለሜ የተወለደችው በቤት ውስጥ ነው። እናታችን ሁለት ቀን አምጣ ጭንቅላቷ ከወጣ በኋላ ትከሻዋ ተቀርቅሮ ቀረ። በዙሪያው የነበሩት ሴቶች ከመሳብ በቀር የሚያውቁት ዘዴ አልነበራቸውም፤ ሳቡ፤ አልሐምዱሊላህ እናትም ልጅም ተረፉ። የሕፃኗ ቀኝ ክንድ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ወጌሻ ተጠርቶ «ወልቋል» ብሎ ለብዙ ቀናት አሸው፣ ጎተተው። አንዷ ጎረቤት «ቡዳ ነው» አለች፤ ሌላዋ ደግሞ «እርጉዝ ሳለሽ ከባድ ነገር አንስተሽ ነው» ብላ እናታችንን ወቀሰቻት። እናታችን ያንን ወቀሳ እስከ ዕለተ ሞቷ ተሸክማው ኖረች።

እታለሜ አደገች፣ ተዳረች፣ አራት ልጆች ወለደች። በግራ እጇ ሊጥ እያዞረች እንጀራ ትጋግራለች፤ አክንባሎውን በደካማው እጇ ደገፍ አድርጋ ታነሳለች፤ ውሃውንም በጀርባዋ ትቀዳለች። ሰው ሁሉ «ምን አለባት፣ ለምዳዋለች» ይል ነበር። እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፋት በኋላ ግን ከአንገቷ ሥር ተነስቶ እስከ ክርኗ የሚወርድ ሕመም ጀመራት። ሌሊት እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላታል፤ ንጋት ላይ ትከሻዋ ድርቅ ይላል። ደጋ አይደል? «ብርድ ነው» ተባለች። ቅባት ተቀባች፣ ኪኒን ገዝታ ዋጠች፣ «የነርቭ መርፌ» የሚባለውን ቫይታሚን ተወጋች። በመጨረሻ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «ስትወለጂ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። በአርባ ዓመት ዕድሜዋ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክንዳችንን የሚያንቀሳቅሱት አምስት የነርቭ ሥሮች አንገት ላይ ከሕብለ ሰረሰር ወጥተው፣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው፣ በአንገትና በትከሻ መካከል ባለው ቀጭን አጥንት ሥር አልፈው ወደ ክንድ ይወርዳሉ። ሕፃኑ ሲወለድ ትከሻው ከእናቲቱ ዳሌ የፊት አጥንት ኋላ ሲቀረቀርና ጭንቅላቱ ሲሳብ እነዚህ ነርቮች ይለጠጣሉ፤ ሲብስም ይበጠሳሉ። የላይኞቹ ሥሮች ሲጎዱ ትከሻ መነሳት፣ ክርን መታጠፍ ያቅተዋል፤ ክንዱም ወደ ውስጥ ዞሮ መዳፉ ወደ ኋላ ያያል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1872፣ ጀርመናዊው ኤርብ ደግሞ በ1874 ጽፈውበታል፤ በዓለም ላይ ከሺህ ሕፃናት አንድ ወይም ሁለቱን እንደሚያገኝ ይገመታል። ብዙዎቹ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይድናሉ። የማይድኑት ናቸው እንደ እታለሜ የሚያድጉት።

ታዲያ ልጅ ሳለች ያላመማት ክንድ በአርባ ዓመቷ ለምን አመማት? ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ጠንካራ፣ ወደ ውጭ የሚያዞሩትና የሚያነሱት ደካማ ሆነው ልጁ ሲያድግ የትከሻው መጋጠሚያ ራሱ ተጣሞ ያድጋል። ክንዱ ያላነሳውን አንገትና ጀርባ ያነሱታል። ጤነኛው እጅ ደግሞ የሁለት እጅ ሥራ ይሠራል፤ እሱም በበኩሉ ማመም ይጀምራል። በዚህ ላይ የተጎዳው ነርቭ ራሱ የሚያመጣው የማቃጠልና የመንዘር ሕመም አለ። ብርዱ ጡንቻውን ያደርቀዋል፣ ያባብሰዋልም፤ ምንጩ ግን ብርድ አይደለም። «ብርድ ነው» ብሎ ጋቢ መደረብ ጥሩ ነው፤ በዚያ ብቻ ማቆሙ ነው ስህተቱ።

ይህ የድሃና የገጠር ሰው ጉዳት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም እ.ኤ.አ. በ1859 በቂጡ መጥቶ በብዙ ጭንቅ ሲወለድ ግራ ክንዱ በዚሁ ዓይነት ተጎዳ፤ ካደገም በኋላ ከቀኙ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥር ነበር። አያቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። የዘመኑ ምርጥ ሐኪሞች ያደረጉለትን ስሙ፦ አዲስ የታረደ ጥንቸል ሆድ ውስጥ ክንዱን ይከቱት ነበር፤ በኤሌክትሪክ ይነዝሩት ነበር፤ ጤነኛውን እጁን አስረው በደካማው እንዲሠራ ያስገድዱት ነበር። እናቱም በደብዳቤዎቿ ሐዘኗን ትገልጽ ነበር። ወጌሻችንን ስንወቅስ ይህንንም እናስታውስ። ወጌሻ ለወለምታ የሚረዳበት ጊዜ አለ፤ አዲስ የተወለደ ልጅን ክንድ ማሸትና መጎተት ግን በፍጹም አይገባም። አጥንቱም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

ወደ ትልልቆቹ ልመለስ፤ ዛሬ መናገር የፈለግሁት ስለ እነሱ ነውና። ባለሙያው ለእታለሜ የነገራት ነርቩ ተመልሶ እንደማይቀጠል ነው። ይህን በግልጽ መናገሩን ወድጄለታለሁ። ነገር ግን «ሕመምሽ ሊቀንስ ይችላል» አላት፤ ከዚያም ብዙው መድኃኒት በቤቷ ውስጥ እንዳለ አሳያት።

የመጀመሪያው ሥራን መከፋፈል ነው። ሃያ አምስት ሊትር ጄሪካን ከምትሸከም አምስት አምስቱን፣ ያም ካልሆነ ልጆቿ ይቅዱ። የሚጋገረውን በአንድ ቀን ከመጨረስ በሁለት ቀን መክፈል፤ ምጣዱንም ትከሻ ሳይነሳ በሚደረስበት ከፍታ ላይ ማድረግ። እረፍት የሚወሰደው ሕመሙ ሳይጀምር እንጂ ከጀመረ በኋላ አይደለም። እዚህ ላይ ወንዶችን ልወቅስ ነው፣ ራሴን ጨምሬ። እህቴን «ሰብር አድርጊ» ስላት የኖርኩት ውሃ መቅዳቱን ለእሷ ትቼ ነው። ሰብር ለታማሚው ነው የተባለ፤ ጤነኛው ጄሪካኑን ያንሳ።

ሁለተኛው ሙቀትና እንቅስቃሴ ነው። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በነጠላ ጠቅልሎ ለሩብ ሰዓት ያህል ትከሻ ላይ ማስቀመጥ ጡንቻውን ያላላዋል፤ ቆዳው ስሜቱ የደነዘዘ ከሆነ ግን እንዳያቃጥል በጤነኛው እጅ ሙቀቱን መለካት ያስፈልጋል። ከዚያም በጀርባ ተኝቶ በጤነኛው እጅ የታመመውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማንሳት፣ ክርንን ከጎን አስጠግቶ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር፤ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ። ሲለጠጥ ይሰማ፣ የሚወጋ ሕመም ግን አይምጣ። ሌሊት በታመመው ጎን አለመተኛት፣ ክንዱንም በትራስ ወይም በተጣጠፈ ጋቢ መደገፍ። እታለሜን ከሁሉ በላይ የጠቀማት ይህ ትራስ ነው። አንድ ትራስ!

ስለ መድኃኒት አጠር አድርጌ ልናገር። ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ለወራት መዋጥ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ በተለይ ጨጓራ፣ ኩላሊትና ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ትጠንቀቅ። በረመዳን ሐኪም ካዘዘው ከኢፍጣር ምግብ በኋላ ይዋጥ፣ በባዶ ሆድ አይሁን። ለሚያቃጥለው የነርቭ ሕመም ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊንን በትንሽ መጠን በማታ ያዛሉ፤ የሌሊት መድኃኒት ስለሆነም ለጾመኛ አይከብድም፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። ቫይታሚን ቢ በሰውነቱ ላነሰው ሰው ይጠቅማል፤ ሲወለድ የተበጠሰ ነርቭን አይቀጥልም። ያን የመርፌ ገንዘብ ለእንቁላል፣ ለባቄላና ለሽሮ ማዋል ለጡንቻ ይሻላል፤ ይኸው ስለ ምግብም ተናገርን።

ሶላትን በተመለከተ እታለሜ ለዓመታት በልቧ የያዘችው ጭንቀት ነበራት፤ በተክቢራ ቀኝ እጇ ጆሮዋ አይደርስም፣ በሱጁድ መዳፏ ሙሉ በሙሉ አይነጠፍም። ሶላቴ ይጎድል ይሆን እያለች ታስብ ነበር። ኢማማችንን ብትጠይቅ የተክቢራ እጅ ማንሳት ሱና እንጂ ሩክን አለመሆኑን፣ ቆሞ መስገድ ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ የፈቀደ ዲንም ክንዷ ከሚችለው በላይ እንደማያስገድዳት አስረዷት። አለቀሰች። እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይቆይ።

ስለ ሕፃናት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2008 ዓ.ም በተደረገው የአገር አቀፍ የጤና ጥናት ከመቶ 26፣ በ2011 ደግሞ 48 ነበሩ። የሠለጠነች አዋላጅ ትከሻ ሲቀረቀር ጭንቅላት አትጎትትም፤ የእናቲቱን እግሮች ወደ ሆዷ አጥፋ፣ ከፊት አጥንቱ በላይ አስጫና ትከሻውን ታስለቅቃለች። እርግዝና ላይ የሚመጣ ስኳር ሕፃኑን ስለሚያገዝፈው ምርመራው አይዘለል። ሕፃኑ ተጎድቶ ከተወለደ ክንዱን ይዞ አለማንሳት፣ ልብስ ሲለብስ የታመመውን እጅ አስቀድሞ ማስገባት፣ ሲያወልቅ መጨረሻ ማውጣት። ሦስት ወር ሞልቶት ክርኑን ማጠፍ ካልቻለ ግን «ያድግበታል» ተብሎ አይጠበቅ፤ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነውና ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂድ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ኪዩር ሆስፒታል የልጆችን የአካል ጉዳት ያክማል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ እየተዘጋ ብዙ ሰው ቀጠሮው እንዳለፈበት አውቃለሁ። ባለሙያ ባገኛችሁ ቀን የቤቱን እንቅስቃሴ በደንብ አስተምሩን በሉ፤ በእጃችሁ የሚቀረው እሱ ነው።

እታለሜ አሁንም ያማታል፤ ሌሊቱን ግን ትተኛለች። ውሃውን የሚቀዳው የበኩር ልጇ ነው። ለመስጂድ ኮሚቴዎች ደግሞ እሷ የላከችው ጥያቄ አለ፦ በሴቶቹ የዉዱእ ቦታ አንድ ዝቅተኛ መቀመጫና አንድ ጀበና ሙቅ ውሃ ይቀመጥ፤ በሱብሒ የጉና ውርጭ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ትከሻዋን እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል። ውሃውን የሚያፈስላት ሰውማ አታጣም ብላለች።