የኛ 12ኛ ክፍል ከባድ አይደለም

ለፋሲካ ደብረ ሲና ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለች። እሷም ታናሽ እህቴም ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናቸው። እንኳን አደረሰሽ ተባብለው ሳይጨርሱ «የማን ይከብዳል?» ጀመሩ። የአሜሪካዋ ኤፒ የሚባሉ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች አራት ይዛለች። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በፊት ተኝታ አታውቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ በጎ ፈቃድ ሥራ መመረቅ ስለሌለ 75 ሰዓት አገልግላለች፤ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ለየኮሌጁ ድርሰት ስትጽፍ አልቀውባታል። እህቴ በበኩሏ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ ደርድራ እየቸከለች ነው።

አጎቴ ከጥግ ሆነው «ተዉአቸው፣ የኛን 12ኛ ክፍል እነሱ አንድ ሳምንት አይችሉትም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ያኔ እህቴ አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ቆይ ግን፣ አንቺ ፈተናውን ብትወድቂ ምን ትሆኛለሽ?»

«ምንም። ኮሌጅማ ተቀብሎኛል እኮ።»

እህቴ ዝም አለች። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ይህን የምጽፈው ከአጎቴ ጋር ልከራከር ብዬ ነው። እሳቸው ኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ አያነቡም። ግን የሳቸውን አባባል ከሚኒባስ ረዳት እስከ ዩኒቨርሲቲ መምህር ድረስ ሁሉም ይለዋል፤ ቲክቶክ ላይማ በየቀኑ ነው። «የኛ ትምህርት ከባድ ነው» ይባላል፣ ያውም በኩራት። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ የኛ 12ኛ ክፍል እንደ ሥራ ከተለካ ከባድ አይደለም። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያኮራ አይደለም።

ከሥራው እንጀምር። የደቡብ ኮሪያ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሃግወን ይሄዳል፤ የግል ማስጠኛ ማለት ነው። ሴኡል ከተማ ሃግወኖቹ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ በደንብ ከልክሏል። ክልከላ ያስፈለገው ካልተባሉ ስለማያቆሙ ነው። ኅዳር ላይ የሚሰጠው ፈተና፣ ሱኑንግ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ቀን ያልቃል። በዚያ ቀን የአክሲዮን ገበያው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል። የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ሲሰጥ ለ35 ደቂቃ ያህል አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። ያረፈደ ተማሪን ፖሊስ ነው የሚያደርሰው። በቅርብ ዓመታት ከተፈታኞቹ ሲሶ ያህሉ አምና ወይም ካቻምና ጨርሰው እንደገና የሚሞክሩ ናቸው። ቻይና ውስጥ ለጋኦካኦ በ2024 እ.ኤ.አ. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። እዚሁ አዲስ አበባ እንኳ ጥቂት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ከስድስት ትምህርት በተጨማሪ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ ያስጽፋል።

እኛስ ምን ሠራን? እኔ በ2008 ዓ.ም. ስፈተን ሰባት ትምህርት ነበር፣ ሁሉም ምርጫ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ማጥቆር። በመላው ፈተና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ ያለኝ የለም፤ እንግሊዝኛው ራሱ ምርጫ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ለፍልስፍና ብቻ አራት ሰዓት ተቀምጦ ይጽፋል። እኔ ግቢ ገብቼ የመጀመሪያውን የላብራቶሪ ሪፖርት ከዶርሜ ልጅ ገለበጥኩ። ሰንፌ አልነበረም፣ ሪፖርት ምን እንደሚመስል አይቼ ስለማላውቅ ነው። 12ኛ ክፍል እስክጨርስ አንድም ጊዜ ቲትሬሽን በእጄ አልሠራሁም። ቀመሩን ግን ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ።

እንግዲህ ሥራው ይኸው ነው፦ መሸምደድና ማጥቆር። ታዲያ ለምንድን ነው የሚከብደው?

አንደኛ፣ ቋንቋው። ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። ፊንላንዳዊው በፊንላንድኛ ወይም በስዊድንኛ፣ ኮሪያዊው በኮሪያኛ ይፈተናል። እኛ የሒሳብ ጥያቄ ከመሥራታችን በፊት የእንግሊዝኛ ጥያቄ እንሠራለን። ፊዚክስ ላይ «ፍሪክሽን ኢዝ ኔግሊጂብል» የምትል ዓረፍተ ነገር በየጥያቄው ትመጣ ነበር። እስከ 11ኛ ክፍል አጋማሽ ድረስ ኔግሊጂብል የሰበቃ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ሰበቃውን አስልቼ እጨምራለሁ፣ መልሱ ከአራቱ ምርጫዎች አንዱም አይሆንም፣ እናደዳለሁ። ይህ ፊዚክስ አለማወቅ ነው? ኬንያም በእንግሊዝኛ ነው የምታስተምረው የሚል ይኖራል። እዚያ ግን እንግሊዝኛ በየቢሮውና በየጋዜጣው የሚኖር ቋንቋ ነው፤ እኛ ጋ ደወል ሲደወል ከክፍል ሳይወጣ የሚቀር ቋንቋ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንም የማይቆጥረው ሰዓት። የአገሮችን የተማሪ ጫና የሚያነጻጽሩ ሰዎች የክፍል ሰዓት፣ የቤት ሥራና ማስጠኛ ይደምራሉ። የእህቴ ቀን እዚያ ውስጥ አይገባም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የመጣ ሌሊት የምትነሳው እሷ ናት። ከትምህርት መልስ የእናታችንን ሱቅ ትጠብቃለች። መብራት ካለ ማታ ታጠናለች። ይህንም ቢሆን እንደ ዕድለኛ ነው የምቆጥራት፣ ከትምህርት ቤት ሃያ ደቂቃ ነው የምትኖረው። ጎረቤታችን ኤርትራ ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዓመቱን የሚጨርሰው ሳዋ፣ ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ ነው። በየትኛው የቤት ሥራ ሰዓት ይመነዘራል?

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይብሳል፣ የእህቴም ጥያቄ እሱ ነበር፦ የ12 ዓመት ትምህርት በሙሉ በሦስት አራት ቀን ላይ ተንጠልጥሏል።

የኔ ሥራ ሶፍትዌር መሥራት ነው። አንዲት ነገር ስትበላሽ ሁሉን ይዛ የምትወድቅበት ዲዛይን ይዤ ብቀርብ ግምገማውን አያልፍም። ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። ጀርመኖች አቢቱር ላይ ከ900 ነጥብ 600ውን የሚሰጡት ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የክፍል ውጤት ነው፤ ለመጨረሻው ፈተና የሚቀረው 300 ነው። ፊንላንድ ፈተናውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው ትሰጣለች፤ ተማሪው የሚፈተናቸውን ትምህርቶች እስከ ሦስት ተከታታይ ዙር ድረስ ማከፋፈል ይችላል፣ የወደቀውንም ይደግማል። የአክስቴ ልጅ ኤስኤቲ ሁለት ጊዜ ተፈትና የተሻለውን ነው የላከችው። ያቺ አውሮፕላን የምታቆመው ኮሪያ እንኳ አብዛኛውን የዩኒቨርሲቲ ቦታ የምትሞላው ሱኑንግ ላይ ብቻ ተመሥርታ ሳይሆን የትምህርት ቤት ውጤትን በዋናነት በሚያይ የቀደመ ምልመላ ነው።

እኛ ጋ አንድ ቀን ትኩሳት ከያዘህ አለቀ።

ይህ ምሳሌ አይደለም። ግንቦት 2008፣ ፈተናው ይሰጥ በተባለበት ቀን እንግሊዝኛው ሶሻል ሚዲያ ላይ ወጥቶ ተገኘና ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። ወደ ሰኔ መጨረሻ ተዛወረ፣ ሶሻል ሚዲያም ተዘጋ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ፣ ዴሪቬቲቭ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ መምህሩ አይደለም፣ ለዚያች ወር ቤተሰቡን ሊያግዝ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ከወባ ጋር ተመለሰ። የሒሳብ ፈተናው ቀን ጃኬት ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ሲያጠቁር አየሁት። በጥቂት ነጥብ ቀረ። ግንቦት ላይ ተፈትኖ ቢሆን ዛሬ መሐንዲስ እሱ ነበር፣ እኔ ምናልባት። አሁን ሽንኩርት ይነግዳል፤ ሲደውልልኝ «ከአንተ ደመወዝ እበልጣለሁ» ብሎ ይስቃል። ሳይሆን አይቀርም። ግን ያ ልጅ ሒሳብ ይወድ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ በኋላ ከ896 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነው፤ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ያኔ የሰማነው ሁሉ «ትውልዱ ሰነፈ፣ ስልክ ገደለው» ነው። እኔ ከመቶ ጥያቄ 97ቱ የሚከሽፍበት ሲስተም ሠርቼ «ተጠቃሚዎቹ ሰነፎች ናቸው» ብል ማታውኑ እባረራለሁ። 1,161 ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ እንኳ ያልሰነፈ ልጅ ጠፋ?

ኩረጃውን አልክድም። ከዚያ በፊት መልስ በወረቀትም በስልክም ይዞር ነበር፣ ዓይኔ አይቷል። ፈተናውን ከኩረጃ ማጽዳት ልክ ነበር፣ ወደ ድሮው እንመለስ የሚል ካለ ከኔ ጋር አይደለም። ችግሩ የጸዳው ፈተና የታመመ ትምህርት ቤት አሳየን፣ እኛ ግን የቀጣነው ተማሪውን ነው። ከዚያ ሪሚዲያል መጣ። ከ50 በታች ካመጡት የተሻሉትን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ለወራት እንደገና ማስተማር፣ እንደገና መፈተን። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሁለተኛ ዕድል የሚገባቸው ልጆች እንዳሉ ካመንን ለምን በኋላ በር? ለምን ከመጀመሪያው ፈተናው ራሱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየትምህርቱ የሚደገም አይሆንም? ኬሚስትሪ የወደቀ ኬሚስትሪን ይድገም። ባዮሎጂ 85 ያመጣበት ምን አጠፋ?

የሚመጣውን ክርክር አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ተማሪ በዓመት ሁለቴ በአውቶቡስ ማጓጓዝ አይቻልም ይባላል። ልክ ነው፣ አይቻልም። ግን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑት በኮምፒውተር እየተፈተኑ ነው። ፊንላንድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነች፤ ለዓመታት የተጠቀሙበት ሲስተም በነፃ ሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ከፍላሽ የሚነሳ ነበር። ሶፍትዌሩ አይደለም ውዱ ነገር። ኮምፒውተሩና መብራቱ ነው። ደብረ ሲና ሆኜ አንድ የሥራ ስብሰባ ሳይቆራረጥ ስለማልጨርስ ነገ ይሁን አልልም። ግን ኮምፒውተር ከተገዛ አይቀር በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ለምን ይሠራል?

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ጠንካራ ነው፦ የክፍል ውጤት ይቆጠር ከተባለ ትምህርት ቤቱ ሁሉ 95 ያድላል። እውነት ነው፣ ያድላል። ለከፈለው ወላጅ ደረጃ የሚያሳምር የግል ትምህርት ቤት ስንቱን እናውቃለን። ይህ ችግር ግን መፍትሔ አለው። አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ የአንድ ትምህርት ውጤት ግማሹ ከክፍል፣ ግማሹ ከግዛቱ ፈተና ነው፤ የክፍሉ ግማሽ ግን እንዳለ አይወሰድም። የትምህርት ቤቱ ልጆች በፈተናው ካመጡት ጋር ተመዛዝኖ ይስተካከላል። ትምህርት ቤቱ ለሁሉም 95 ቢሰጥና ልጆቹ ፈተናው ላይ 40 ቢያመጡ 95ቱ ወደ 40 ይጠጋል። ማጋነን ትርፍ የለውም። ሒሳቡ የአንድ ከሰዓት ኮድ ነው፣ በነፃ እጽፈዋለሁ። ግማሽ ይሁን አልልም፣ በ20 በመቶ እንጀምር። ቢያንስ ጥቅምት ላይ የሠራችው ሥራ የሆነ ነገር ይሆናል፤ አስተማሪዋም ምርጫ ከማስጠናት ሌላ የሚያሠራበት ምክንያት ያገኛል።

ይህን ለአጎቴ በቃል ነገርኳቸው፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ። «እኛ በማትሪክ ዘመን አንድ ፈተና ነበር፣ ምን ሆንን?» አሉኝ። ከክፍላቸው ስንት ሰው እንዳለፈ ጠየቅኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ፤ የአንድ እጅ ጣት በቃቸው። ሌሎቹስ ስላቸው የሁለት ሦስቱን ስም ጠሩና የቀሩትን አላስታወሱም።

እህቴ ክረምቱ ሲገባ ወደተመደበችበት ግቢ ትሄዳለች። የምትይዘውን ከአሁኑ ዘርዝራ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፦ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ። ከመመለሴ በፊት ሥሩ ላይ ፓራሲታሞል ብዬ ጻፍኩበት።