የእነሱ ሰማንያዎቹ፣ የእኛ ሰማንያዎቹ

መርካቶ ገብቶ የፈለጉትን ገዝቶ በሰላም መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። እኔ ግን ከግዢው በኋላ አረፍ ሳልልባት የማላልፋት አንዲት ሱቅ አለች። ከአንዋር መስጊድ ብዙም አትርቅም። አብሮ አደጌ አምፖል፣ ሶኬትና የኤሌክትሪክ ገመድ ይሸጥባታል። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሻይ ይታዘዝና ክርክር እንጀምራለን። እንደ ሌላው ሰው ስለ ኳስ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ክርክር ከሰማንያዎቹ ሆረር ፊልሞች የትኛው ይበልጣል የሚል ነው።

ሰማንያዎቹ ስል የፈረንጆቹን ማለቴ ነው፤ የእኛንም ጭምር። እነሱ በ1980ዎቹ የሠሯቸው ፊልሞች በካሴት ተቀድተው፣ የተቀዳው እንደገና ተቀድቶ ሰፈራችን እስኪደርሱ ዓመታት ስለሚያልፉ፣ እኛ ያየናቸው በራሳችን ሰማንያዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን ፊልም በ1985 ዓ.ም. ሳይ፣ የአምናው ነው ብዬ አምኜ ነበር።

በዚያ ዕድሜያችሁ ቪዲዮ ቤት የገባችሁ ታስታውሳላችሁ። ጨለማ ክፍል፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ በምስሉ ላይ ወደ ላይ የሚንሸራተት ነጭ መስመር። አብዛኛው ቀን የካራቴና የህንድ ፊልም ነው፤ ሆረር የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር። አያቴ ወዴት እንደምሄድ ስታውቅ «የሰይጣን ቤት!» ትለኝ ነበር። ስድብ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ የድሮ የአዲስ አበባ ሰዎች በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ለነበረው ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ያወጡለት ስም መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እንግሊዝኛውን የሚሰማ አልነበረም። ስለዚህ ያኔ ደረጃ ስናወጣ መመዘኛችን አንድ ነበር፤ ያለ ንግግር የሚገባን ፊልም ያሸንፋል። በዚህ መመዘኛ «ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት»ን የሚስተካከለው አልነበረም። ፊቱ የተቃጠለ፣ ጣቶቹ ላይ ምላጭ የሰካ ሰው በእንቅልፍህ ይመጣል፤ ከተኛህ አለቀልህ። ይህን ለማስረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ዱካክ የሚባል ነገር እኛ ቤት ድሮም ነበረ። ሌሊት ደረት ላይ ተቀምጦ አላንቀሳቅስ፣ አላስጮህ የሚል ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዳይሬክተሩ ዌስ ክሬቨን ሐሳቡን ያገኘው ከጋዜጣ ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጦርነት ሸሽተው አሜሪካ የገቡ ስደተኞች በእንቅልፋቸው ስለመሞታቸው ካነበበው ዜና። በነገራችን ላይ የጆኒ ዴፕ የመጀመሪያ ፊልሙ ይኸው ነው፤ አልጋው ይውጠዋል። እናቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሳልባጅ ቀይና አረንጓዴ መስመር ያለው ሹራብ ገዝታልኝ መጣች። የፍሬዲን ሹራብ! ክረምቱን በሙሉ ስንቀጠቀጥ ከረምሁ እንጂ አልለበስኩትም።

የአብሮ አደጌ ምርጫ ግን ያኔም ዛሬም «ዘ ቲንግ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ካርፔንተር የሠራው፣ ሙዚቃውን ኤንዮ ሞሪኮኔ የደረሰለት። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የሚኖሩ ወንዶች መካከል የማንኛውንም ፍጡር መልክ መያዝ የሚችል ነገር ይገባል። ሲጀምር ውሻ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሰው ይሁን አይሁን ማንም ማንንም ማመን አይችልም። ፊልሙ ሲወጣ አልተሳካለትም፤ ልብ የሚያሞቀው «ኢ.ቲ.» ሁለት ሳምንት ቀድሞት ሲኒማውን ይዞት ነበር፤ ተቺዎችም አብጠለጠሉት። አሁን ከምርጦቹ ተርታ ይሰለፋል። «ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ፊልም ካልወደደ ነጋዴ አይደለም» ይላል ጓደኛዬ። «ደንበኛዬ ነው ብለህ ዱቤ የሰጠኸው ሰው ነገ ምን ሆኖ እንደሚመጣ ታውቃለህ?»

አጠገቡ መጋረጃ የምትሸጠው ጎረቤቱ ክርክራችንን ትንቅ ነበር። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት መግባት ነውር በነበረበት ጊዜ እሷ ዴክ ያላቸው ዘመዶቿ ቤት ሆና እኛ ያየነውን ሁሉ አይታለች። ድምጿን የምትሰጠው እ.ኤ.አ. በ1986 ለወጣው የዴቪድ ክሮነንበርግ «ዘ ፍላይ» ነው። ሳይንቲስቱ ቀስ በቀስ ወደ ዝንብነት ሲለወጥ፣ ጥፍሩ ሲነቀል፣ ጥርሱ ሲወልቅ እኛ የሳቅንበት ፊልም ነው። በሜካፑ ኦስካር ወስዷል። እሷ እናቷን ሦስት ዓመት አስታምማለች። «የሚያስፈራው ዝንቡ መሰላችሁ?» አለችን አንድ ቀን። «የምትወዱት ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ሲሄድ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።» ከዚያ ወዲህ በዚህ ፊልም ላይ አፌን ሞልቼ አልከራከርም።

የእኔ ምርጫ «ዘ ሻይኒንግ» ነው። በልጅነቴ አልወደድኩትም፤ ወሬ ይበዛበታል። አባት ከሆንኩ በኋላ ነው የገባኝ። የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ሁሉም እንዳላጨበጨበለት ልብ በሉ፤ የመጽሐፉ ደራሲ ስቴፈን ኪንግ እንኳ አልወደደውም፤ ኩብሪክም ለዓመቱ መጥፎ ዳይሬክተር የማላገጫ ሽልማት ታጭቶበታል። ጭብጡ ቀላል ነው፤ አባት፣ እናትና ትንሽ ልጅ በበረዶ በተዘጋ ሆቴል ይከርማሉ። አባትየው መጠጥ ትቷል ተብሏል። ድሮ ሰክሮ የልጁን ትከሻ አውልቆታል። መናፍስቱን ሁሉ ብታወጧቸው የሚቀረው ይህ ነው፤ ይህ ብቻውን ይበቃል። የልጁን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሕፃን ግን የሚሠራው አስፈሪ ፊልም መሆኑን እንዳያውቅ ተደርጎ ነው የተቀረጸው።

ታዲያ በዚህ ፊልም ጓደኛዬን ስንት ዓመት አሹፌበታለሁ መሰላችሁ። ቪዲዮ ቤት ሳለን አባትየው በሩን በመጥረቢያ መፍለጥ ሲጀምር ተነስቶ ወጣ። የከፈለው ሳንቲም ሳያሳዝነው! ፈሪ ስለው ኖርኩ፤ በሠርጉ ላይ ሳይቀር ይህን ቀልድ ተናግሬያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የአሥራ አራት ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። ከክርክራችን መሐል ገብታ «ዘ ሻይኒንግን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። እኔ ደስ አለኝ። እሱ ግን አምፖል እየጠቀለለ ቀና ሳይል «የኔ እናት፣ ትንሽ ቆዪ» አላት። ቀጥሎም ለእኔ እንጂ ለእሷ ባልሆነ ድምፅ፣ «እኛ ቤት አባቴ ቁልፉን በሩ ላይ ሲያሽከረክር ከድምፁ ምን ያህል እንደጠጣ እናውቅ ነበር» አለ። «በሩን ያጣ ቀን ደግሞ በእግሩ ነበር የሚከፍተው።»

አባቱን አውቃቸዋለሁ። ጋሼ ብዬ ጉልበት የምስም፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ። ግድግዳ ለግድግዳ ተዋስነን አድገን፣ ያንን ሁሉ ማታ ሰምቼም ይሆናል። ምን እንደምል ጠፋኝ። መጋረጃ ሻጯ ሻይ አስደገመችልን።

ለልጄ ምን ወሰንኩ ትሉኝ ይሆናል። ያነሳኋቸው ፊልሞች በሙሉ በአሜሪካ ደረጃ «አር» የተባሉ ናቸው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ አይገባባቸውም። እሷን ያስጀመርኳት በ«ፖልተርጋይስት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ ስፒልበርግ በድርሰቱና በፕሮዲውሰርነቱ ያለበት፣ ለቤተሰብ የሚቀል ደረጃ የተሰጠው። (ቀሎኛል ያለ ሁሉ ግን አይመናችሁ፤ አንድ ሰው ፊቱን በእጁ የሚቦጫጭቅበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ቡና ላምጣ ብላችሁ አቁሙት።) ፊልሙ የሚጀምረው የቴሌቪዥን ስርጭት አልቆ በረዶው ሽሽሽ ሲል ነው። እኛ ቴሌቪዥን ፊት እንቅልፍ ጥሎን በዚያ ድምፅ የምንባንን ልጆች ነበርን። የእኔዋ ግን፣ «አባዬ፣ ቴሌቪዥን ያልቃል እንዴ?» ብላ ከመናፍስቱ ሁሉ እሱ ገረማት።

«ዘ ሻይኒንግ» ይቆይ ብያለሁ። ስታየው ደግሞ አብሬያት ቁጭ እላለሁ።

ያን ዕለት ልንወጣ ስንነሳ ጓደኛዬ የሱቁን በር እየሳበ፣ «ልጁ ያመልጣል አይደል መጨረሻ ላይ?» አለኝ።

«ያመልጣል» አልኩት። «በረዶው ላይ የራሱን ዱካ እየረገጠ ወደ ኋላ ይመለስና አባቱን ያሳስተዋል። ከእናቱ ጋር ይወጣሉ።»

«ጎበዝ ልጅ» አለ፣ ቁልፉን ሁለቴ እያዞረ። ድምፁን ግን አሁንም ለ«ዘ ቲንግ» ነው የሚሰጠው።