ዕዳው የፊዚክስ ነው ወይስ የሽሮ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከጎንደር፣ ከቁስቋም የተላከ ነው። ጸሐፊዋ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳለች። የሞላችው ኮምፒዩተር ሳይንስ ነበር፤ የደረሳት ግን ፊዚክስ ሆነ። ባጃጅ የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ «የመንግሥት ዕዳ ተሸክመሽ አስተማሪ ከምትሆኚ ውጪ፤ እኔ እየከፈልኩ በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ተማሪ» ይላታል። እናቷ ደግሞ «እንጀራሽ የት እንደተጻፈ ምን ታውቂያለሽ፣ የያዝሽውን አትልቀቂ» ባይ ናቸው። እሷ መሀል ላይ ቆማ ዕዳውን ስታስብ እንቅልፍ አጥታለች።

እህቴ፣ እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። መደመርና መቀነስ ግን አያቅተኝም፤ ደብዳቤሽም የሚፈልገው እሱኑ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር!

መጀመሪያ ዕዳው ከየት እንደሚመጣ እንይ። እናንተ «ኮስት ሼሪንግ» የምትሉት የወጪ መጋራት ሥራ ላይ የዋለው በ1996 ዓ.ም. ነው። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ የሚጋራው 15 በመቶውን ብቻ ነው። የምግቡንና የመኝታውን ግን ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። ልብ አድርጊ! ትልቁ ዕዳ ኒውተን ያመጣብሽ አይደለም፤ የካፌው ሽሮና ዳቦ ያመጣው ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ ቢደርስሽም ሽሮው ያው ሽሮ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የተማሪ የቀን ምግብ ተመን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ለሒሳብ እንዲመቸን ይህንኑ ይዘን በዓመት 300 ቀን ብንቆጥር 30,000 ብር ይሆናል፤ በአራት ዓመት 120,000 ብር። መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ በላዩ ይደመራሉ።

አሁን ደግሞ ደመወዙን እንይ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። መምህራን የራሳቸው እርከን አላቸው፤ ለሒሳቡ ግን ይኸን እንያዝ። የሥራ ግብር 2,100 ብር፣ የጡረታ 7 በመቶ 805 ብር ሲነሳ እጅሽ ላይ 8,595 ብር ይቀራል። ለወጪ መጋራት የሚቆረጠው ከወር ገቢ ከ10 በመቶ አያንስም፤ ከጠቅላላው ደመወዝ ቢሰላ 1,150 ብር ነው። ወደ ቤት ይዘሽ የምትገቢው እንግዲህ 7,445 ብር! በዚህ አካሄድ የምግቡን 120,000 ብር ብቻ ለመጨረስ 8 ዓመት ከ8 ወር ግድም ይፈጃል። ደንቡ ለክፍያው የሚሰጠው ጊዜ 15 ዓመት ነው።

ቁጥሩ ያስደነግጣል? ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም።

አንቺ የጎንደር ልጅ ነሽ። ውሉ በየዓመቱ ሲሞላ የምትፈልጊውን አገልግሎት ትመርጫለሽ። ምግብና መኝታ ካልወሰድሽ የምትጋሪው የትምህርቱን ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስት ዓመታት ከቁስቋም እየተመላለስሽ ብትማሪ ከምግቡ ብቻ 90,000 ብር ከላይሽ ይወርዳል። እርግጥ የቤት እንጀራም በነፃ አይጋገርም፤ ሸክሙ ወደ እናትሽ ይዞራል። የታክሲውም አለ። ታዲያ ወንድምሽ ለኮሌጅ ሊከፍል ካሰበው ጥቂቱን ለቤት አስቤዛና ለመጓጓዣሽ ቢያደርገው አይሻልም? የኮሌጅ ክፍያ እኮ በየወሩ ከባጃጁ ኪስ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ነው። ጎማ በፈነዳ፣ መንገድ በተዘጋ ቀን ትምህርትሽም አብሮ ይቆማል። የመንግሥቱ ዕዳ ግን ደመወዝ እስክታገኚ ይጠብቅሻል። የወንድም ውለታ ደግሞ ደረሰኝ የለውም፤ ተከፍሎ ማለቁም አይታወቅም።

ወንድምሽ ጨርሶ ተሳስቷል አልልም። መንግሥት ጀማሪን የሚከፍለው በዲግሪው ደረጃ ነውና አካውንታንቷም መነሻዋ ያው ነው። ልዩነቱ ያለው በክፍት የሥራ ቦታው ላይ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ የማይፈልግ መሥሪያ ቤት የለም፤ ተወዳዳሪውም እንደዚያው ብዙ ነው። ለፊዚክስ ምሩቅ ዋናው በር ማስተማር ነው፤ ለዚያም የማስተማር ሙያ ሥልጠና፣ ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. የሚባለው፣ ይከተላል። ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አሉ፤ የሚቀጥሩት ግን ጥቂት ሰው ነው። በሆስፒታል የካንሰር ጨረር ሕክምና ላይ የሚሠራው የፊዚክስ ባለሙያም ማስተርስ ይፈልጋል። በክልላችሁ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጀመረው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸውን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ምደባ የት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ የፈሪ ሥራ አይደለም።

እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር ካለ ዕዳው ሳይሆን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንደኛው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም፤ የበላው ሽሮ ግን አይሰረዝለትም። ሁለተኛው፣ ዕዳው እስኪዘጋ ድረስ ኦሪጂናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀላሉ አይገኝም። ውጪ አገር ስኮላርሺፕ የሚያልም የፊዚክስ ተማሪ በሩ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ፊዚክስን የምትተዪው ዕዳውን ፈርተሽ ከሆነ አትተዪው። ዕዳው በልክ የሚቆረጥ፣ ከአሁኑም ሊቀነስ የሚችል ነው። የምትተዪው ትምህርቱ ፈጽሞ የማይገባሽና የማትወጂው ከሆነ ነው፤ ያኔ መውጫ ፈተናው ላይ ሦስት ዓመት ከነዕዳው ይባክናል። ከሬጅስትራር ዘንድ ሄደሽ የፈረምሽውን ውል ቅጂ ጠይቂ። ደንቡ በማስተማር ለሚያገለግሉ ዕዳን በአገልግሎት የመክፈል መንገድ አለውና አንቺን ይመለከት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነግሩሽ አድርጊ። ከፍ ያሉ የዲፓርትመንትሽ ተማሪዎችንም ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት እንደገቡ ጠይቂያቸው። ከሁሉ በላይ ከፊዚክሱ ጎን ሌላ ሁለተኛ እጅ ያዢ፤ ኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ይሁን፣ ሠፈር ውስጥ ልጆች ማስጠናት።

ወንድምሽንም አታስቀይሚው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ይህንኑ ሒሳብ አብራችሁ ሥሩት። ባጃጅ ነጂ ሒሳብ ያውቃል!

ሳምንት እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ።