መብራቱ ለነጭ፣ ጨለማው ለጥቁር?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ውስጥ እግር ነው። ውስጥ እግሩ የአጎቴ ነው። አጎቴ ቀወት ውስጥ ማሾና ማሽላ እየዘራ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ገበሬ ነበር። አንድ ቀን ቀኝ ውስጥ እግሩ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነገር አየ። “እሾህ ወግቶኝ ይሆናል” አለና ተዋት። ጥቁሯ ነገር ሽምብራ አከለች። ጎረቤት “ምች ነው” አለው፤ በዳማ ከሴ ታሸ። አንድ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ቅባት ሰጡት። ተመልሶ ሄደ፤ ሌላ ቅባት ሰጡት። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። “እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙርና እግርህን በደንብ ልየው” ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ቁስሉ ሲደማና ብሽሽቱ ሲያብጥ አዲስ አበባ ይዘነው መጣን። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ “ሜላኖማ” ይላል። ከቆዳ ካንሰሮች ሁሉ ክፉው ማለት ነው። እግሩ ተቆረጠ፤ እሱም ብዙ አልቆየ።

ይህን የምጽፈው ለቅሶ እንድትደርሱኝ አይደለም። ለቅሶው አልፏል። የምጽፈው ቀብሩ ላይ አንድ የተማረ ዘመዳችን “ጥቁር ሰው ደግሞ የቆዳ ካንሰር ይይዘዋል እንዴ? እሱ የፈረንጅ በሽታ አይደለም?” ሲል ስለሰማሁት ነው። የተማረው እንዲህ ካለ ያልተማረው ምን ይበል?

እስቲ ሁላችንም የምናውቀውን ሰው እናንሳ። ቦብ ማርሌይ! እ.ኤ.አ በ2005 60ኛ ዓመት ልደቱን መስቀል አደባባይ ተሰብስበን ያከበርንለት ሰው። እ.ኤ.አ በ1977 የእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ቁስል ተገኘበት። ኳስ ስጫወት ተጎድቼ ነው ብሎ ነበር ያሰበው፤ ልክ አጎቴ እሾህ ነው እንዳለው። ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። በ1978 አገራችንን ጎበኘ፤ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ዘፈኑን በቃላችን እናውቀዋለን፤ የገደለውን በሽታ ግን አናውቀውም።

እውነቱ ይህ ነው። ሜላኖማ ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ላይ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው የሚታየው። ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በማታገኘው ቦታ ይመጣል፤ በውስጥ እግር፣ በእጅ መዳፍ፣ በጥፍር ሥር። ማንም እዚያ ስለማይፈልገው ዘግይቶ ይገኛል። ዘግይቶ ስለሚገኝ ይገድላል። በጊዜ ቢገኝ ግን በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነበር። አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

እንግዲህ የብርሃን ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ብርሃን ቆዳችን ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ከላይ ነጥሮ ይመለሳል። ያ ነጸብራቅ ነው ከሥር ያለውን የሚጋርድብን። ዴርማቶስኮፕ የሚባል በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ነጸብራቁን ያስቀርና በአሥር እጥፍ ያህል አጉልቶ ከቆዳው የላይኛ ሽፋን ሥር ያለውን ያሳያል። አጉሊ መነጽርና አምፖል ማለት ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ዋጋው ከአንድ ላንድክሩዘር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። እንደታረሰ ማሳ ነው፤ ፈርና ጉብታ አለው። የጃፓን ሐኪሞች በዚህ መሣሪያ እያዩ ያስተዋሉት ነገር አለ። ጉዳት የሌለው ጥቁር ምልክት፣ እኛ “ማርያም የሳመችው” የምንለው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈሩን ይዞ ይሰለፋል። ሜላኖማ ግን ጉብታው ላይ ይወጣል። ይህ የማይገባው ገበሬ አለ? ነገር ሲበላሽ “ፈሩን ለቀቀ” እንል የለ? ካንሰሩም እንዲሁ ነው፤ ፈሩን ይለቃል። እርግጥ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ተቆርጦ የሚመረመረው ናሙና ነው። ብርሃኑ ግን ማን ቶሎ ናሙና ይወሰድለት፣ ማን በሰላም ወደ ቤቱ ይሂድ የሚለውን ይለያል።

ከዚህም የረቀቁ መሣሪያዎች መጥተዋል። እ.ኤ.አ በጥር 2024 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዴርማሴንሰር ለተባለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ፈቃድ ሰጥቷል። መሣሪያው ብርሃን ወደ ቆዳ ይልክና ተበትኖ ከሚመለሰው ብርሃን ተነስቶ አጠራጣሪውን ከጤነኛው ይለያል። የቆዳ ስፔሻሊስት ላልሆነ ሐኪም የተሠራ ነው። ደስ ይላል! ነገር ግን ያው ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት አንድ ግዴታ ጨምሮበታል። ሜላኖማ ብዙም ስለማይታይባቸው በጥናቱ በበቂ ቁጥር ባልተወከሉ ሰዎች ላይ ተጨማሪ ሙከራ ይደረግ ብሏል። እነማን ናቸው እነዚህ ሰዎች? እኛን የሚመስሉት ናቸዋ!

ይህ ስጋት ከሜዳ የተነሳ አይደለም። የቆዳችን ማቅለሚያ ሜላኒን ብርሃን ይውጣል። በነጭ ቆዳ ተለክቶ የተሠራ መሣሪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚመለስለት ብርሃን ያንሰዋል፤ ሊሳሳትም ይችላል። በኮሮና ጊዜ ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ታስታውሳላችሁ? እሱም የብርሃን መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መሣሪያው የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን እጥረት ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። በ2022 ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ፎቶ አይተው የቆዳ በሽታ ይለያሉ የተባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ፈትሸው ጥቁር ቆዳ ላይ ሲደርሱ እንደሚደናበሩ አሳይተዋል። ጥፋቱ የቆዳችን አይደለም። ቀያዩና ከቀይ በታች ያለው ብርሃን በሜላኒን ብዙም አይዋጥም፤ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። የሚስተካከለው ግን ጥያቄ ያነሳ ገዢ ሲኖር ነው። እኛስ ጠይቀን እናውቃለን? ወይስ ዕቃው ሲመጣ ሪባን ቆርጠን ማጨብጨብ ብቻ ነው ሥራችን?

አሁን ወደ ቀወት ልመለስ። ሸዋ ሮቢት በዜና ስሟ የሚነሳው በእስር ቤቷ ነው፤ አለበለዚያም በ2014 ዓ.ም. ኅዳር እንደሆነው ጦርነት ሲደርስባት። የገበሬዋ ውስጥ እግር ግን ዜና ሆኖ አያውቅም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። በመንገዱ ወዲህ ጫፍ እ.ኤ.አ በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት አለ፤ ወዲያ ጫፍ ከደሴ አለፍ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። ሁለቱም ቆዳ በማከም የታወቁ ናቸው። መሃል ላይ ደብረ ብርሃን፣ በታላቁ የቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ አይደለም ወይ?

ተአምር አልጠየቅንም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2003 ሲጀመር ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እንዲሄዱ ነው የታሰበው። እንግዲያው “ጫማዎን ያውልቁና እግርዎን ያሳዩኝ” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨመርላቸው። የሚሰፋ፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ፣ ቀለሙ የሚለዋወጥ፣ የሚደማ ጥቁር ነገር ካዩ ወደ ሐኪም ይላኩ። በጥፍር ላይ የሚታይ ጥቁር መስመር በጥቁር ሰው ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ የወጣና የሚሰፋ ከሆነ ግን ቸል አይባልም። ዓመታት የቆየ የማይድን ቁስልና የእሳት ጠባሳ ላይ የወጣ ቁስልም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላልና አብሮ ይታይ። በዚያ የቆላ ፀሐይ የሚውሉ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ ከሁሉም ይቀድማሉ። ለእነሱ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ መዋቢያ አይቆጠር።

ሁለተኛ፣ በየሆስፒታሉ አንድ ዴርማቶስኮፕና እሱን መጠቀም የሚችል አንድ ሰው ይኑር። ፎቶውን በስልክ ለአለርት ወይም ለቦሩ ሜዳ መላክ ዛሬ የማይቻል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሕመምተኛው ፈቃድ የእኛን ቆዳ ሥዕሎች ይሰብስቡ። አራተኛ፣ አገሪቱ የብርሃን መሣሪያ ስትገዛ “ይህ ዕቃ እንደ እኛ ባለ ቆዳ ላይ ተፈትኗል ወይ?” ብላ ትጠይቅ። መልሱ “አልተፈተነም” ከሆነ ገንዘባችን ኪሳችን ውስጥ ይቆይ።

አጎቴን የገደለው ካንሰር ብቻ አይደለም። ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ማጣት ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል። አጎቴ ግን አልደበቀም፤ እግሩን ይዞ ሁለት ጊዜ ሄዷል።

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን አንብበህ ስትጨርስ ጋዜጣውን አስቀምጥና ካልሲህን አውልቅ። ወደ መስኮቱ ጠጋ በል። የእናትህንም፣ የአባትህንም እግር እይ። ባለሥልጣኖቻችን እስኪያበሩልን ድረስ የእግዜር ፀሐይ በነፃ ነው የምታበራው።

ቸር ይግጠመን!